ቀን ወፎቹ፣ ማታ የእሳት እራቶቹ፦ ከከዚራ ግቢያችን የአንድ ዓመት ማስታወሻ

የከዚራ ጥላ | መስከረም 4፣ ምሽት 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

አምና መስከረም ላይ አንድ ደብተር ጀምሬ ነበር። ትናንት ማታ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልሆንልሽ ስላለኝ እዚህ ላካፍላችሁ ወሰንኩ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ግቢያችን ሰፊ አይደለም። አንድ ትልቅ ኒም አለ። ሁለት ፓፓያ፣ አንድ ጊሽጣ፣ አንድ ዘይቱን። አጥሩን ቡገንቪሊያ ይዞታል። በሩ አጠገብ ደግሞ ሮዝ አበባ የሚያወጣው ኦሊያንደር ቆሟል። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ቆየ። ዓይኑ ደክሟል። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ወንበር አወጣለትና ሻዩን አቀብዬው ወደ ሥራ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን ሻዩን ስሰጠው «ያቺ ወፍ ዛሬ አልመጣችም» አለኝ።

«የትኛዋ አባዬ?»

«አንቺ በሩን ስትከፍቺ ሁልጊዜ የምትጮኸዋ።»

እዚያ ቤት ተወልጄ ነው ያደግኩት። 34 ዓመት ሙሉ በሩን ከፍቼ ወጥቻለሁ። እንዲህ ያለች ወፍ መኖሯን ግን አላውቅም ነበር። ደብተሩን የገዛሁት የዚያኑ ዕለት ነው።

ወፏ ቡልቡል ናት። ራሷ ጥቁር፣ ጀርባዋ ቡናማ። የአካሏን ትንሽነት አይታችሁ ድምፁ ከእሷ ወጣ ብትባሉ አታምኑም። በማግስቱ ተመልሳ መጣች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ይኸው ብቻ ነው፦ «ቡልቡል። 12፡40። አባዬ ቀድሞ ሰማት።»

መስከረም አጋማሽ ላይ ከበራችን ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ሣሩ ዘር ያዘ። የመስቀል ወፍ መጣ። ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃሩ ቀይ፣ ጅራቱ ከሰውነቱ የሚረዝም። በሴቶቹ ፊት አየር ላይ ቆሞ ይጨፍራል። ሁላችንም «እንደ መስቀል ወፍ ጠፋህ» እንላለን አይደል? እኔም የሆነ አገር ሄዶ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። በየቀኑ ሳየው ግን ኅዳር ላይ ጅራቱ መርገፍ ጀመረ። ጥቁሩ ላባ በቡናማ ተተካ። ታኅሣሥ ላይ ከድንቢጦቹ መሀል ለይቼ ለማወቅ ምንቃሩን ማየት ነበረብኝ። ለካ የትም አይሄድም። ልብሱን ነው የሚቀይረው። ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን ነው፣ እኛ ነን የማናውቀው። ይህን ለአባዬ ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ስንት የመስቀል ወፍ ሰው አለ» አለኝ።

ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡትም አሉ። ጥቅምት ላይ የልብስ ማጠቢያ ውሃ የምንደፋበት እርጥብ ቦታ ላይ ጅራቷን ሳታቋርጥ የምትወዘውዝ ቢጫ ወፍ ታየች። ኒሙ ውስጥ ደግሞ አንዲት አረንጓዴ ቀመስ ሚጢጢ፣ ዕረፍት የሌላት፣ ቅጠል ለቅጠል ነፍሳት ስትለቅም ትውላለች። ክብደቷ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢያክል ነው። ያን ሁሉ በረሃ አቋርጣ እኛ ኒም ላይ ማረፏን ሳስብ ምንም ልላት አልቻልኩም። ሚያዝያ ላይ ተመልሳ ሄደች።

ከታኅሣሥና ከጥር ብዙ የጻፍኩት የለም። አባዬ ታሞ ነበር።

የእሳት እራቶቹ የመጡት መጋቢት ላይ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ማታ መብራት ጠፋ። በረንዳው ላይ ሻማ አበራሁ። አንድ የእጄን መዳፍ የሚያህል ነገር መጥቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እኔ የሌሊት ወፍ መስሎኝ ጮህኩ። አባዬ «ክንፉ ሲርገበገብ እንደ ትንሽ ሞተር ነው፣ የእሳት እራት ነው» አለ። ቀረብ ብዬ አየሁት። አረንጓዴ። ግን አንድ ዓይነት አረንጓዴ አይደለም፤ የወይራ፣ የሣር፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ሮዝ የነካካው፣ እንደ እምነበረድ የተደባለቀ። እንዲህ ያለ ነገር በገዛ ግድግዳዬ ላይ አርፎ እኔ ስንት ማታ ተኝቻለሁ?

ልጁን አስቀድሜ አውቀው ነበር፣ ልጁ መሆኑን አላወቅኩም እንጂ። ኦሊያንደሩ ላይ በየዓመቱ የሚወጣው፣ ከራሱ በላይ ሁለት ሰማያዊ ዓይን የሚመስል ምልክት ያለው ወፍራም አባጨጓሬ የእሱ ነው። ኦሊያንደር ከሥር እስከ አበባ መርዝ ነው፤ ፍየል እንኳን ከበላው አይተርፍም። ያ አባጨጓሬ ግን በልቶት ይወፍራል።

ከዚያ ማታ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ አንሶላ ሽቦ ላይ ሰቅዬ ከኋላው አምፖል ማብራት ጀመርኩ። ስም የማላውቃቸው በዙ። አንዱ የደረቀ ቅጠል ይመስላል። አንዱ የወፍ ኩስ ይመስላል፣ እውነቴን ነው፤ ወፍ እንዳይበላው ነው እንደዚያ የሆነው። አንዱ የጥፍሬን ግማሽ የማያህል፣ ወርቅ የተቀባ። በዓመቱ ውስጥ መልካቸው የተለያየ 61 ቆጥሬያለሁ።

አሁን ይህን ሁሉ ወደጻፍኩበት ምክንያት ልምጣ።

ግንቦት ላይ በልብስ ማስጫው ሽቦ ጫፍ ላይ የአበባ ማር የምትቀስመዋ ትንሿ ወፍ ጎጆ ሠራች። ከሣርና ከደረቀ ቅጠል፣ በሸረሪት ድር የተሰፋ፣ እንደ ቦርሳ የተንጠለጠለ። ልብስ በሌላ ገመድ ላይ ማስጣት ጀመርን። ሁለት ጫጩት ተፈለፈለ። አንድ እሑድ ጠዋት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 23 ጊዜ ተመላለሰች። እሷ ራሷ የምትኖረው በአበባ ማር ነው። ለልጆቿ የምታመጣው ግን ማር አልነበረም። ሸረሪት፣ ትንንሽ አባጨጓሬ። ጫጩት በማር ብቻ አያድግም።

በዚያው ሳምንት ቡገንቪሊያው በአባጨጓሬ ተበሳስቶ ነበር። እኔ ነኝ ሰው ጠርቼ ያስረጨሁት። ግቢው በሙሉ ተረጨ። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ቆጠርኩ። በአንድ ሰዓት 6 ጊዜ። አብዛኛውን ጊዜ ምንቃሯ ባዶ ነበር። በአራተኛው ቀን አንዱን ጫጩት ከጎጆው ሥር አገኘሁት። ሁለተኛው በረረ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያን ዕለት የጻፍኩት አሁንም ሳየው ያመኛል። ቅጠል የበላብኝ አባጨጓሬ የእሳት እራት ልጅ ነው። የወፏ ልጅ ምግብም እሱ ነው። እኔ ወፏን እየወደድኩ ምግቧን አጠፋሁት።

ሐምሌ 19 ለቁልቢ እንግዶች መጡብን፤ ግቢው ውስጥ አሥር ሰው አደረ። በረንዳው ላይ ያለው ነጩ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ በራ። ንጋት ላይ ስወጣ ግድግዳው በእሳት እራት ተሸፍኗል፣ መሬቱ ላይ የሞቱት ተከምረዋል። ቡልቡሏ ደግሞ መጥታ ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ ትለቅማቸዋለች። ለእሷ ድግስ ነው። ግን ሌሊቱን አበባ መቅሰም፣ እንቁላል መጣል የነበረባቸው ናቸው እዚያ የቀሩት።

ከዚያ ወዲህ ነጩን አምፖል በቢጫ ቀየርኩት፤ ወደ ቢጫ ብርሃን የሚመጡት በጣም ጥቂት ናቸው። ማታ 4 ሰዓት ላይ እናጠፋዋለን። መድኃኒት ግቢያችን አይገባም። ቡገንቪሊያው ደግሞ ከክረምቱ በኋላ በራሱ አቆጠቆጠ።

የእናንተ ግቢ ምን አለው? እባካችሁ ጻፉልኝ። ለአባዬ አነብለታለሁ።

ጀጎል በር | መስከረም 4፣ ምሽት 3፡05

እህቴ፣ አላህ ለአባትሽ ጤናውን ይስጥልን። አንድ ጊዜ አንብቤ ደግሜ አነበብኩት።

እኔ ሐረር ነኝ፣ ጀጎል ውስጥ። የእኛ ቤት ግቢ ጠባብ ነው፣ ሰማዩ ግን የጭላት ነው። ሥጋ ተራ ሄደሽ ታውቂ እንደሆነ፣ ጭላቶቹ ከግንቡ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሥጋ ይዘሽ ስታልፊ ከኋላሽ መጥቶ መንጠቅ ነው። ጣትሽን ሳይነካ! ልጆች እያለን ቁራጭ ሥጋ ወደ ላይ እንወረውር ነበር፤ መሬት የነካ አላስታውስም። ጅቡን ለማየት ሰው ከዓለም ዳርቻ ይመጣል። ለእኔ ግን የሐረር ቀኑ የጭላት ነው፣ ሌሊቱ የጅብ።

የእሳት እራትን ነገር ግን በሕይወቴ አስቤው አላውቅም። ዛሬ ማታ ሰገነት ላይ ወጥቼ አያለሁ።

የቀርሳ ልጅ | መስከረም 4፣ ምሽት 3፡40

በጣም ቆንጆ ጽሑፍ ነው፣ አላቃልለውም። ግን የገበሬ ልጅ ነኝና አንድ ነገር ልበል።

እናንተ የእሳት እራት የምትሉት እኛ ጋ ተምች ነው። በ2009 የአሜሪካው ተምች ሲገባ አባቴ በቆሎው ውስጥ ቆሞ ያለቀሰውን አይቻለሁ። ሙሽራው ውስጥ፣ ገና ያልተዘረጋው የመሀል ቅጠል ውስጥ ገብቶ ነው የሚበላው። ማታ ማታ በኩራዝ እየለቀምን በእጃችን ጨፍልቀናል። ማሽላው ላይ ደግሞ አገዳ ቆርቁር አለ፣ እሱም የእሳት እራት ልጅ ነው። ግሪሳ ሲመጣ ደግሞ ወፉም ጠላት ነው፤ እህቶቼ ከትምህርት ቤት ቀርተው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ይውሉ ነበር።

ከተማ ላይ ቁጭ ብሎ አትርጩ ማለት ይቀላል። ማሳ ላይ ቆሞ ማለት ግን ሌላ ነው።

የከዚራ ጥላ | መስከረም 4፣ ምሽት 4፡00

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ማሳ ላይ አትርጩ አላልኩም፣ ልልም አልችልም። እኔ ቡገንቪሊያ ነው የረጨሁት። ቅጠሉ ስለተበሳሳ፣ ለመልክ ብዬ። አባትህ የረጨው ልጅ ለማሳደግ ነው። የእኔ ጥፋት የሚያመኝም ለዚህ ነው፤ አያስፈልገኝም ነበር።

አሁን መብራቱን የማጠፋበት ሰዓት ነው። ነገ እመለሳለሁ።

ሐረማያ ዕፅዋት | መስከረም 5፣ ጠዋት 1፡30

የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ፣ በመካከላችሁ ልግባ።

የቀርሳ ልጅ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ነባሩ ተምች ዝናብ ተከትሎ በነፋስ ነው የሚጓዘው፤ ድርቅ ቆይቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ነው ወረርሽኝ የሚሆነው። የአሜሪካው ደግሞ በቆሎ ካገኘ ወቅት አይመርጥም። ሁለቱም የእሳት እራት ናቸው።

ግን ስንቱ ነው እንዲህ የሆነው? በዓለም ላይ ስም የተሰጣቸው የእሳት እራት ዝርያዎች ወደ 160,000 ይጠጋሉ። ቢራቢሮ ከዚያ ሲወዳደር 18,000 ገደማ ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሰብል የሚያጠፉት ጥቂቶች ናቸው። የእነሱ ስም ግን ሌላውን ሁሉ ሸፍኖታል።

አሁን ለባለ ደብተሯ ጥያቄ አለኝ። ሁለት ፓፓያ አለን ብለሻል። ሁለቱም ያፈራሉ?

የከዚራ ጥላ | መስከረም 5፣ ቀን 7፡10

አንዱ ነው የሚያፈራው። ሌላው ረጅም ዘንግ ላይ ትንንሽ አበባ ብቻ ያወጣል። እናቴ «ዝም ብሎ ውሃ ይጠጣል፣ ይቆረጥ» ስትል ሦስት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ልናስቆርጠው ነበር። ለምን ጠየቅክ?

ሐረማያ ዕፅዋት | መስከረም 5፣ ቀን 7፡45

እንዳታስቆርጡት!

እሱ ወንዱ ነው። የፓፓያ አበባ ጎልቶ የሚሸተው ምሽት ላይ ነው፣ ነጣ ያለ ነው፣ የአበባው ቱቦ ቀጭንና ረጅም። ይህ ሁሉ ጥሪው ለማን እንደሆነ ይናገራል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ማሳ ላይ ተቀምጠው ያጠኑ ሰዎች ያገኙት፣ የወንዱን ዱቄት ወደ ሴቷ በዋናነት የሚያደርሱት ትልልቆቹ ፈጣን የእሳት እራቶች መሆናቸውን ነው። ያ መጋቢት ላይ ግድግዳሽ ላይ ያረፈው አረንጓዴ ከዚያው ቤተሰብ ነው። እነዚህ አበባ ላይ አያርፉም። አየር ላይ ቆመው፣ ረጅም ምላሳቸውን ዘርግተው ነው የሚጠጡት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለችውን ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ያኔ ነው የሚመጡት።

የሴቷ አበባ ማር የለውም። የወንዱን ስለሚመስል ተታለው ነው የሚጎበኙት። ወንዱን ብትቆርጡት ሴቷም ባዶ ልትቀር ትችላለች።

የቀርሳ ልጅ፣ እናንተ ጋ ፓፓያ አለ?

የሳቢያን እናት | መስከረም 5፣ ምሽት 1፡50

ልጆቼ፣ ልጄ ናት ስልኩ ላይ ያነበበችልኝ፣ እሷ ትጻፍልኝ። እኔ የምጠላው ብልን ነው። የሱፍ ሹራቤን፣ የሟቹን ባለቤቴን ኮት ጨረሰብኝ። ብልም የእሳት እራት ነው ትላለች ልጄ፣ እውነት ነው? አያቴ ደግሞ የእሳት እራት ማታ ቤት ሲገባ «እንግዳ ይመጣል፣ አትግደሉት» ትለን ነበር። አንቺ ልጅ አባትሽን እንዲህ ስለምትይዢ ብሩክ ሁኚ።

የከዚራ ጥላ | መስከረም 5፣ ምሽት 2፡15

አሜን እማማ። ክብር ይስጥልኝ።

አዎ፣ ብልም የእሳት እራት ነው። ግን ስትበር የሚያዩዋት ትንሿ ቢጫማ አትበላም፣ አፏ ለመብላት አይሆንም። የሚበላው ትሉ ነው። እሱም የሚወደው ከእንስሳ የመጣውን ነው፤ ሱፍ፣ ላባ፣ ሐር። ጥጥ የሚነካው ላብ ወይም ምግብ ካለበት ነው። ስለዚህ ጋቢው አጥበው ካስቀመጡት ብዙም አያሰጋውም። የባለቤትዎን ኮት ቀሪውን ፀሐይ ላይ አውጥተው አራግፉት። የአባዬን የባቡር ጊዜ ኮት እንደዚያ አድርጌ ነው ያተረፍኩት። ጨለማና ዝም ብሎ መቀመጥ ነው የሚስማማው።

ለገሃሬ | መስከረም 5፣ ምሽት 2፡50

አባትሽን ሳላውቃቸው አልቀርም፣ ስም መጥራት ባይኖርብኝም። እኔም የባቡር ቤት ልጅ ነኝ። ሰላም በይልኝ።

ከዚራ ስታድጊ ያየሽው ጥላ ሁሉ የተተከለ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ከተማዋም ያኔ ነው የተቆረቆረችው። ቀጥ ያሉት መንገዶችና የግራና የቀኙ ዛፍ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ወፉ ከተማ ውስጥ የገባው ዛፉን ተከትሎ ነው። አሁን አንድ ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር ያ ጠዋት ይቀንሳል። እኔ ሰፈር ሁለት ትልልቅ ዛፎች ለግንባታ ተቆረጡ። በማግስቱ ጎጆ የሚሠሩት ቢጫዎቹ ወፎች አየሩ ላይ ዛፉ የነበረበት ቦታ ሲዞሩ አየሁ። ቅርንጫፉን ይፈልጉ ነበር። እስካሁን አልረሳሁትም።

በነገራችን ላይ፣ የሌሊት ወፎቹን አትርሺ። የመንገድ መብራት ሥር ቁሚና ቀና በይ። የእሳት እራቶቹን እየለቀሙ ነው። አንዳንዱ የእሳት እራት ደግሞ የሌሊት ወፉን ድምፅ ይሰማል። እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ። ሲሰማ ክንፉን ሰብስቦ እንደ ድንጋይ ይወድቃል።

ኤረር ማር | መስከረም 6፣ ጠዋት 3፡00

ንብ አረባለሁ፣ ከሐረር ወደ ኤረር በኩል። አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር። አምና ቀፎ ስከፍት አንድ ትልቅ የእሳት እራት ውስጡ አገኘሁ። ጀርባው ላይ የሰው ራስ ቅል የሚመስል ሥዕል አለው። ስነካው ጮኸ! እንደ አይጥ። ሠራተኛዬ ድግምት ነው ብሎ ሥራውን ሊተው ነበር። ምንድነው?

ሐረማያ ዕፅዋት | መስከረም 6፣ ጠዋት 4፡20

ድግምት አይደለም፣ ሌባ ነው። ማር ሊሰርቅ ነው የገባው። ምላሱ አጭርና ጠንካራ ነው፣ ሰሙን ወግቶ ይጠጣል። ንቦቹ የማይነድፉት ጠረኑ የእነሱን ስለሚመስል ነው። ጩኸቱ አየር ስቦ በምላሱ በኩል ሲያስወጣ የሚፈጠር ነው። ሥዕሉ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለ ጠጉር ብቻ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። አባጨጓሬው ድንች ቅጠል ላይ ያድጋል። አንድ ሁለት ቢገቡ ቀፎውን አያጠፉትም። መግቢያውን ጠበብ ብታደርገው አይገባም፤ ወፍራም ነው።

ለሠራተኛህ አሳየው፣ ይረጋጋል።

ጀጎል በር | መስከረም 6፣ ምሽት 3፡30

አልሐምዱሊላህ፣ ሁለት ማታ ሰገነት ላይ ወጣሁ። የእህቴን ልጆች ይዤ ነው የወጣሁት። የቤቱ ግድግዳ ነጭ ስለሆነ አንሶላም አላስፈለገን። ትንሿ «ለምንድነው እሳት ውስጥ የሚገባው? አያቃጥለውም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስሙ የእሳት እራት ስለሆነ ነው አልኳት። ይህ ግን መልስ አይደለም። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ነገ ትጠይቀኛለች።

የከዚራ ጥላ | መስከረም 6፣ ምሽት 4፡00

ይህን እኔም ስፈልገው ነበር። ሲነገር የኖረው «ጨረቃ ይመስላቸዋል» የሚል ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ሌላ ነገር አሳየ። ነፍሳት ሲበሩ ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞራሉ። ከጥንት ጀምሮ ሌሊት ላይ ብሩሁ ነገር ሰማዩ ነው። ስለዚህ ጀርባን ወደ ብርሃን ማዞር ቀጥ ብሎ ለመብረር ይረዳል፣ ላዩና ታቹ አይጠፋም። አምፖል ሲመጣ ግን ሰማዩ ጎን ላይ ሆነባቸው። ጀርባቸውን ወደ አምፖሉ ሲያዞሩ ይጠመዘዛሉ፣ ይዞራሉ፣ መውጫው ይጠፋቸዋል።

ለትንሿ እንዲህ በያት፦ እሳቱን ወዶት አይደለም። ሰማይ መስሎት ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው መብራት ማጥፋቱን ከልቤ የያዝኩት።

ጀጎል በር | መስከረም 7፣ ጠዋት 1፡15

ነገርኳት። «እንግዲያው መብራቱን እናጥፋላቸውና ሰማዩን ያግኙ» አለች። ሰገነቱን አጨለምነው። ግድግዳው ላይ የነበሩት ጥቂት ቆይተው አንድ በአንድ ሄዱ።

መንገደኛ | መስከረም 7፣ ቀን 8፡30

ወፍ ካነሳችሁ ከተማው ቆሻሻ የሚጣልበት አካባቢ ያሉትን ነጫጭ አሞራዎች ማንም አላነሳቸውም። ፊታቸው ቢጫ፣ ሰውነታቸው ነጭ፣ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር። ሰው ይጸየፋቸዋል። ግን ከእነሱ መካከል ከባልካን፣ ከቡልጋሪያና ከግሪክ በኩል ተነሥተው የአውሮፓን የብርድ ወቅት ምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚያሳልፉ አሉ፤ መከታተያ መሣሪያ ተደርጎላቸው ታይቷል። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ የገቡት በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከሚገድሏቸው ነገሮች አንዱ ኤሌክትሪክ ነው፤ ምሰሶው ላይ ሲያርፉ ሁለት ሽቦ ይነካሉ። እኔ የጭነት መኪና ነው የምነዳው፣ ወደ ጅቡቲ። በመንገዱ ዳር ከምሰሶ ሥር የወደቁ አይቻለሁ። ቆሻሻችንን የሚያነሱልን እነሱ ናቸው።

የቀርሳ ልጅ | መስከረም 7፣ ምሽት 2፡40

ሦስት ቀን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር።

ሐረማያ ዕፅዋት፣ ለጥያቄህ፦ አዎ፣ ፓፓያ አለን። አጥሩ ዳር ሰባት እግር። ትናንት ለአባቴ ደወልኩለት። «ማታ ማታ ፓፓያው ላይ የሚመጣ ነገር አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት። «እንዴ! እነዚያ እንደ ጥይት የሚበሩትን? ልጅ እያለሁ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ» አለኝ። ተምቹንም፣ እነዚያንም ያውቃል። አንድ ዓይነት ፍጥረት መሆናቸውን ግን አላገናኘውም ነበር። እኔም አላገናኘሁትም።

ተምች ሲመጣ አሁንም እንለቅማለን፣ ካልሆነም እንረጫለን። ይህ አይቀየርም። ነገር ግን አባቴ «እንግዲያው ፓፓያው አጠገብ አልረጭም፣ በተለይ ወደ ማታ» አለ። እኔ አላልኩትም። ራሱ ነው ያለው።

ደግሞ አንድ ነገር አስታወስኩ። ተምች በመጣበት ዓመት ማለዳ ላይ ማሳው በወፍ ይሞላ ነበር። ቁራ፣ ነጭ ሳቢሳ፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው። እናቴ «አባርሩ» ስትለን አባቴ «ተዉአቸው፣ ትሉን ነው የሚለቅሙት» ይል ነበር። አልበቁም። ግን ይለቅሙ ነበር።

የከዚራ ጥላ | መስከረም 7፣ ምሽት 3፡10

ወንድሜ፣ ይህን ለአባዬ አነበብኩለት። አባትህን «ስለ ጥይቶቹ» እንድታመሰግንልን ብሏል።

ዛሬ ማታ ሐረማያ ዕፅዋት እንዳለኝ ፀሐይ ስትጠልቅ ወንዱ ፓፓያ ሥር ሁለት ወንበር አወጣሁ። እናቴም መጣች፣ ለመቁረጥ ያሰበችውን ዛፍ ልታይ። አበባው ይሸታል! ሦስት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፌ አሽትቼው አላውቅም። አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አባዬ እጁን አነሣ። «መጣ» አለ። እኔ ምንም አላየሁም። ከዚያ አበባው ሲነቃነቅ አየሁት። ግራጫ፣ አየር ላይ የቆመ፣ ክንፉ ጭስ ብቻ የሚመስል። ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ሴቷ፣ ከዚያ አጥሩን ዘሎ ጠፋ። ሌላ መጣ። አባዬ በጆሮው አራት ቆጠረ፣ እኔ በዓይኔ ሁለት።

እናቴ ምንም አልተናገረችም። ወደ ቤት ስትገባ ግን ወንዱን ዛፍ አንድ ባልዲ ውሃ አጠጥታው ገባች።

ጀጎል በር | መስከረም 7፣ ምሽት 3፡35

አቦ፣ ልጆቹን ይዤ ልምጣ! ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ተሳፍረን ደንገጎን ወርደን እንደርሳለን ኢንሻአላህ። ትንሿ አባትሽን ማየት ትፈልጋለች። «በጆሯቸው የሚያዩት አባባ» ነው የምትላቸው።

ለገሃሬ | መስከረም 7፣ ምሽት 3፡50

ቅዳሜ ከሆነ እኔም አለሁ። አባትሽን በሌላ በኩልም ሰላም ማለት አለብኝ።

የከዚራ ጥላ | መስከረም 7፣ ምሽት 3፡58

ኑ። 12 ሰዓት ላይ እንዳታረፍዱ፣ ከጨለመ በኋላ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ያለን። ወንበር ስለሚያንስ ምንጣፍ አነጥፋለሁ። ቡናውን እናቴ ታፈላለች። የስልክ መብራት ግን ማንም እንዳያበራ።

አዲስ ደብተርም ገዝቻለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ትንሿ ትጻፈው።